ዌብሳይቱን ማን ይከፍተዋል?

አንድ እሑድ የአክስቴ ልጅ ቤት መጥታ ነበር። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው የሌሎቹ ተማሪዎች «የእኛን ባየህ!» ብለው እንደሚጽፉልኝ አውቃለሁ። የመመረቂያ ጽሑፏን እያዘጋጀች ነበር፤ ርዕሷ በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ስላሉ የነዋሪዎች ማኅበራት ነው። አማካሪዋ «መጀመሪያ እዚሁ እኛ ዘንድ በተቀራራቢ ርዕስ የተሠሩትን አንብቢና ነይ» ብለዋታል። ትክክለኛ ምክር ነው።

«ታዲያ ከላይብረሪው ዌብሳይት ላይ አትፈልጊም?» አልኳት።

«አንተ ደግሞ! ዌብሳይቱን ማን ይከፍተዋል?»

ችክ አልኩባት። በስልኳ ከፈተችው። መጀመሪያ የመጣው ትልቅ ፎቶ ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ ያሳያል። ፎቶው ወጥቶ ሳያልቅ ሌላ ፎቶ ተተካ፤ አዳራሽ ውስጥ የተደረገ ሥልጠና ነው። ሦስተኛው እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ወደ ታች ወረደች። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። ከዚያ የዳይሬክተሩ መልእክት ከነፎቶው። ከዚያ ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ። የሜኑው ቁልፍ ላይ ስትደርስ «ኦፓክ»፣ «ኢ-ሪሶርስስ»፣ «ሪፖዚተሪ»፣ «ሂናሪ»፣ «አጎራ» የሚሉ ቃላት ተደርድረው አገኘች።

«ኦፓክ ምንድን ነው?» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ የዚያ ቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚ የሆነች ልጅ ናት የምትጠይቀኝ። እኔም የማውቀው አንድ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስላስረዱኝ ብቻ ነው፤ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ማለት ነው። «ሪፖዚተሪ» የሚለውን ነካችው። ገጹ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ከዚያ አልከፈትም አለ። ምናልባት የሚሠራው ግቢ ውስጥ ሆነው ሲሞክሩት ይሆናል። ወደ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሞከረች። እኔ አጠገቧ ሆኜ አፌን ይዤ አየሁ፤ ለማገዝ እጄ እየተቁለጨለጨ ቢሆንም።

በመጨረሻ ድረ ገጹን ዘጋችና ወደ ትምህርት ክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ገባች። አንድ መስመር ጻፈች። አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ሁለት ፒዲኤፍ ተላከላት። አንዱ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሌላው ሽፋኑ ስለሌለው ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው ዓመት እንደተጻፈ አይታወቅም። «አየህ?» ብላ ስልኳን ገለባብጣ አሳየችኝ። አየሁ።

የዚህ ቻናል ተከታታዮች ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ፖለቲካ ነው የለመዳችሁኝ። «አሁን ደግሞ በላይብረሪ ዌብሳይት መጣህ?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን የምታስቡትን ያህል ትንሽ አይደለም። እኔ እዚህ የምጽፍላችሁ ነገር ከየት ይመጣል? ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ገጠር መሬት ልጽፍ ስነሳ አንድ ተማሪ የሆነ ወረዳ ላይ ወራት ተቀምጦ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ጠይቆ ያጠናቀረው ጥናት አለ። ከመቀመጫው ያልተነሳ ባለሥልጣን በመግለጫ ከሚነግረኝ ይልቅ ያ ልጅ የጻፈው ብዙ ጊዜ ይበልጥብኛል። ያ ጥናት የተሠራው በእናንተ ግብር በሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው ፖሊሲ መሠረት በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር፣ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ጨምሮ፣ ለማንም ክፍት መሆን አለበት። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ አገር አቀፍ ማከማቻም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድኅረ ምረቃ ጽሑፎቹን በኢንተርኔት ከፍቶ ማቅረብ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ ምስጋና ይገባዋል። ሕግ አለ፣ ሰነድ አለ፣ ብዙ ቦታ ሶፍትዌሩም አለ። ጉዳዩ በሩ ላይ ነው። የበሩን እጀታ የገጠመው ሰው ማን በዚያ በር እንደሚገባ አልጠየቀም።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ይኸው የአክስቴ ልጅ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍቱን ድረ ገጽ «ሊያዘምን» ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አግኝቼ እንዴት እንደሚከናወን ጠየቅሁት። ኮሚቴ ተቋቁሟል። የኮሚቴው አባላት የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችን ድረ ገጾች አይተው ያማራቸውን መርጠዋል። መነሻ ሐሳቡ ለማኔጅመንት ቀርቧል። ማኔጅመንቱ የፎቶዎቹ ጥራት እንዲሻሻልና የአመራሩ መልእክት ጎልቶ እንዲወጣ አስተያየት ሰጥቷል። «ተጠቃሚዎቹንስ ጠይቃችኋል?» አልኩት። «አዎ፣ መጠይቅ በትነን ነበር። አብዛኛው ተጠቃሚ በአገልግሎቱ ረክቷል» አለኝ።

ረክቷል! እንግዲህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኛ አገር መጠይቅ ሲበተን ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀቱን የሚያድለው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነው። ተማሪው ነገ ከዚያው ሠራተኛ መጽሐፍ ይዋሳል፤ ሲመረቅ ደግሞ የመጽሐፍ ዕዳ እንደሌለበት የሚፈርምለት እሱ ነው። «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ምልክት ከማድረግ ሌላ ምን ያደርጋል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። እንግዳ ሆነን የቀመስነው ወጥ ጨው ቢበዛበት እንኳ «እጅሽን ይባርከው» ብለን ነው የምንነሳው። የሐሳብ መስጫ ሣጥኑስ ቢሆን? እኔ በተማርኩበት ጊዜ በሩ አጠገብ አንድ ሣጥን ተሰቅሎ ነበር፤ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ሰውን «ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ ግብረ መልስ አይደለም። ግብረ መልስ የሚባለው ሰውየው ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ዝም ብሎ፣ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ማየት ነው። የአክስቴ ልጅ መጠይቁን ብትሞላ ኖሮ «ጥሩ ነው» ትል ነበር። ሃያ ደቂቃ አጠገቧ ስቀመጥ ያየሁት ግን ሌላ ነው።

ይህ እኔ የፈለሰፍኩት ነገር አይደለም። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከሃያ ዓመት በፊት ይህንኑ ጉዳይ በቁም ነገር ይዞት ነበር። ያደረጉት ነገር ደስ ይለኛል፤ አንትሮፖሎጂስት ቀጠሩ። ናንሲ ፍሪድ ፎስተር ትባላለች። የሩቅ ማኅበረሰብ እንደምታጠና ሆና የራሳቸውን ተማሪዎች አጠናች። ተማሪዎቹ የቤት ሥራቸውን እንዴት እንደሚጽፉ፣ ማንን እንደሚጠይቁ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀምሩ ለማወቅ በሌሊት ዶርማቸው ድረስ ሄዱ፤ ካሜራ ሰጥተው ውሏቸውን በፎቶ እንዲይዙ አደረጉ። ከዚያም ወረቀትና ቀለም ሰጥተው «የምትፈልጉትን የቤተ መጻሕፍት ገጽ ሳሉልን» አሏቸው። ከሱዛን ጊቦንስ ጋር ሆና ያዘጋጀችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ከውጤቱ የማረከኝ አንድ ነገር አለ። ባለሙያዎቹ ስለ ድረ ገጻቸው አጥብቀው ይጨነቁ እንጂ ለተማሪው ቤተ መጻሕፍቱ ለብቻው የቆመ ዓለም አልነበረም። ተማሪው የሚያስበው ስለ ነገው የቤት ሥራ ነው፤ መጽሐፍ ፍለጋው ከኮርሱ፣ ከቀን መቁጠሪያው፣ ከኢሜይሉ ጋር አንድ ላይ እንዲገኝለት ይፈልጋል።

ራንዳል መንሮ የሚባል አሜሪካዊ ኤክስኬሲዲ በሚለው የካርቱን ገጹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አንድ ሥዕል አለ፤ በሙያው ያሉ ሰዎች እስከዛሬ ይቀባበሉታል። ሁለት ክቦች በከፊል ተደራርበው ይታያሉ። አንዱ በዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ የፊት ገጽ ላይ የሚገኙትን ነገሮች ይዟል፤ የግቢው ፎቶዎች፣ የፕሬዚዳንቱ መልእክት፣ የዩኒቨርሲቲው ፍልስፍና፣ የመግለጫ ዜና። ሌላው ሰው ወደ ገጹ የሚመጣባቸውን ነገሮች ይዟል፤ የመምህራን ስልክ፣ የማመልከቻ ቅጽ፣ የትምህርት ዘመኑ መርሐ ግብር፣ የሚረዳ ካርታ። ሁለቱ ክቦች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የዩኒቨርሲቲው ሙሉ ስም። እኛን ሳያየን ነው የሳለን። ስለዚህ በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም፤ ይህን የምለው ግን ለማጽናናት አይደለም። እነሱ ስቀው አላለፉትም፤ መታከም ጀምረዋል።

አሁን ወደ ቃላቱ ልመለስ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረው ጆን ኩፐርስሚዝ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚዎችን ቁጭ አድርገው ያደረጓቸውን ሙከራዎች ሰብስቦ ነበር፤ የመጨረሻውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የጆርናል ጽሑፍ እንዲያገኙ ከተጠየቁት ሰዎች በአማካይ የተሳካላቸው ግማሽ ገደማ ብቻ ናቸው። ሰው ከማይገባቸው ቃላት ከፊተኞቹ መካከል ምኅጻረ ቃላትና የምርት ስሞች አሉ፤ «ዳታቤዝ» እና «ሪሶርስ» የሚሉትም እንዲሁ። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ተማሪዎች ናቸው ያልገባቸው። የእኛ ልጅ ታዲያ «አጎራ» የሚል ቃል ሲያይ ምን ይገምት?

«አጎራ» እና «ሂናሪ» ምን እንደሆኑ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የሚያስቆጨው እሱ ነው። ሂናሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት የተጀመረ፣ የሕክምናና የጤና ጆርናሎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። አጎራ ደግሞ የእርሻና የምግብ ነው፤ ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት አገሮች ተርታ ናት። ሌላ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ በብዙ ዶላር የሚገዛው ጽሑፍ እዚህ በነጻ ይገባል። የጤና መኮንን የሚማር ልጅ ግን ድረ ገጹ ላይ «ሂናሪ» የሚል ቃል አይቶ የሰው ስም ወይም የሥልጠና ስም መስሎት ያልፈዋል። በቦታው «የሕክምና ጆርናሎች፣ በነጻ» የሚል ቢጻፍ ስንት ሰው በገባ! ይህን ለማስተካከል ጨረታ አያስፈልግም። አንድ ሰው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ።

በነገራችን ላይ ተጠቃሚን የማየት ሥራም ውድ አይደለም። ያኮብ ኒልሰን የተባለው ዴንማርካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ አምስት ሰው ብታዩ ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ታገኛላችሁ ብሏል። ቁጥሩ ላይ ብዙ ክርክር ተነስቷል፤ ሁሉም ድረ ገጽ፣ ሁሉም ተጠቃሚ አንድ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የምክሩ ፍሬ ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው። አሥራ አምስት ሰው የማየት አቅም ካላችሁ አንዴ አትጨርሱት፤ አምስት አይታችሁ አስተካክሉ፣ እንደገና አምስት አይታችሁ አስተካክሉ ነው የሚለው። ወጪው ስንት ነው? የአሥራ አምስት ማኪያቶ ዋጋ። የኮሚቴ አበል ከዚህ ይበልጣል።

አሁን እኛ ዘንድ አምስት ተማሪ አስቀምጠን ብናይ የሌላ አገር ባለሙያ የማያገኛቸው ችግሮች እንደሚወጡ እርግጠኛ ነኝ። ለምሳሌ ፊደላችን። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ሥ በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ይጻፋል፤ ጽ በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፤ ሑ ደግሞ በሦስቱ ሀ። ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ አሥራ ሁለት አጻጻፍ። ሁለቱን ቃላት ገጥሞ የሚጽፍና ለይቶ የሚጽፍ ሲጨመር ሃያ አራት። ኮምፒውተሩ ካልተነገረው በስተቀር እነዚህ ሃያ አራቱ ለእሱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ተማሪው «ስነጽሁፍ» ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ካታሎጉ ላይ በ«ሥነ ጽሑፍ» ተመዝግቧል፤ መልሱ «ምንም አልተገኘም» ነው። ተማሪው ምን ይደመድማል? በዚህ ርዕስ የተሠራ ጥናት የለም ብሎ። የመመረቂያ ጽሑፉ መግቢያ ላይም እንደዚያ ብሎ ይጽፋል፤ «በዚህ ርዕስ ላይ እስካሁን ጥናት አልተደረገም»። ስንቱ ላይ አንብቤዋለሁ!

መፍትሔው ለፕሮግራመር ከባድ አይደለም። ፍለጋው ላይ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥር ማዘዝ ነው። የፊደል ተቆርቋሪዎች አትቆጡ፤ ጽሑፉ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ፈላጊው ነው የሚታገዘው።

ሁለተኛው ስማችን ነው። ሶፍትዌሩ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። መዝጋቢው ግራ ይጋባና የአባትን ስም ያስቀድማል። ስለዚህ ባሕሩ ዘውዴን የሚፈልግ ሰው ዘውዴ በሚለው ስር ያገኘዋል፤ ወይም አያገኘውም። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት አሠራር እንኳ ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም መዝግቡ ነው የሚለው፤ እኛው ነን የምንገለብጠው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ስማቸውን በሁለት ዲ ነበር የሚጽፉት፤ በአንድ ዲ የፈለገ ተማሪ መጽሐፋቸውን ላያገኝ ነው። ዓመተ ምሕረቱም አለ። አማካሪው «የ2013ቱን ጥናት እይ» ይላሉ፤ ምዝገባው 2021 ይላል፤ ልጁ 2013 ብሎ የፈለገው የስምንት ዓመት አሮጌ ጥናት ያወጣለታል። እነዚህን ችግሮች የድረ ገጽ ሠሪ ድርጅት ቢሮው ቁጭ ብሎ አያስባቸውም። የሚያውቃቸው ፈላጊው ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዴስኩ ላይ የሚቀመጡት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው።

ለእነሱ ትንሽ ልቁምላቸው። ብዙ ሰው ድረ ገጹ ሲበላሽ ላይብረሪያኑን ነው የሚረግመው። ብዙ ቦታ ግን ድረ ገጹ በእጃቸው የለም፤ ቁልፉ አይሲቲ ዳይሬክቶሬት ጋ ነው፣ ይዘቱ ሕዝብ ግንኙነት ጋ ነው። አንዲት በሥራው ብዙ ዓመት የቆዩ ባለሙያ አነጋግሬ ነበር። «እትዬ፣ ተማሪ በብዛት የሚጠይቅዎ ምንድን ነው?» ስላቸው ሳያስቡ ዘረዘሩልኝ። በስንት ሰዓት ይዘጋል፤ ይህ መጽሐፍ አለ ወይ፤ የድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ የት ነው ያለው፤ ዋይፋዩ ለምን እምቢ አለ፤ ከቤቴ ሆኜ ጆርናል እንዴት ላንብብ። «በቀን ስንት ጊዜ እንደምመልሰው አትጠይቀኝ» አሉ። «ከእነዚህ ድረ ገጹ ፊት ላይ ያለው የትኛው ነው?» ስላቸው ሳቁ። የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱ እንኳ የለም።

ኮሚቴው እኚህን ሴትዮ ለአንድ ሰዓት ቢያነጋግር የመጠይቁን ክምር ሁሉ በተካለት ነበር። የሚጠየቁትን ጥያቄ ለሁለት ሳምንት ደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ የፊት ገጹ ዝርዝር ከዚያ ይወጣል። ሌላም ማንም የማይከፍተው ሀብት አለ። የፍለጋ ሳጥኑ ላይ ሰው የጻፈውንና ምንም ያልተገኘለትን ቃል ሁሉ ሶፍትዌሩ መዝግቦ ማስቀመጥ ይችላል። ያ ዝርዝር ይሉኝታ የለበትም። ማንንም አይፈራም። እዚያ ውስጥ «ስነጽሁፍ» ይገኛል፤ «ቴሲስ» ይገኛል፤ «ያለፈው ዓመት ኤግዚት ኤግዛም»ም አይጠፋም። መውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ምን እያለ እንደሚያድር ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ከቤት ሆኖ ስለማንበብ ያሉት ነገርም ማብራሪያ ይፈልጋል። የጆርናል አሳታሚዎች ተማሪውን የሚያውቁት በግቢው ኔትወርክ ነው። ግቢ ውስጥ ሆኖ የሚከፈት ጽሑፍ ቤት ሲደርስ በዶላር ክፈል ይላል። ከግቢ ውጭ ሆኖ በተማሪነት መለያ ማስገባት የሚችል ሶፍትዌር ዓለም ላይ ከዋለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና መጥቶ ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታየ መስሎኝ ነበር። ዛሬም የማታ ተማሪ፣ ክረምት ብቻ የሚማር መምህር፣ ክፍለ ሀገር ወርዶ መረጃ የሚሰበስብ የማስተርስ ተማሪ ከበሩ ውጭ ናቸው። ለሙከራ አምስት ሰው ሲመረጥም ግቢ ውስጥ ቀርቦ የተገኘው ብቻ ከተመረጠ እነዚህ ሁልጊዜ ይረሳሉ። ዓይነ ስውር ተማሪዎችም እንዲሁ። የድሮ ጽሑፎች ስካን ተደርገው እንደ ፎቶ ስለሚቀመጡ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሶፍትዌር አንድ ቃል አያገኝባቸውም። ከአምስቱ አንዱ ዓይነ ስውር ቢሆን ይህ በመጀመሪያው ደቂቃ ይታያል። ካልሆነ ለዘላለም አይታይም።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለጓደኛዬ አንብቤለት ነበር። ሁለት ነገር ተቃወመኝ። አንደኛ ገንዘብ የለም አለኝ። ገንዘብ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙባቸው ሶፍትዌሮች ነጻ ናቸው። የመጻሕፍት ዝርዝር የሚይዘው ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ በአንድ የገጠር ቤተ መጻሕፍት የተወለደ ነው፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚይዘው ዲስፔስም ኤምአይቲና ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም የለቀቁት ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ሪባን የሚቆረጥበትን ፎቶ የሚያሽከረክር የፊት ገጽ ለማሠራት ነው፤ ያ ፎቶ ደግሞ የተማሪውን ሜጋባይት ይበላል።

ሁለተኛው ተቃውሞው ይከብዳል። «ልጆቹ መፍትሔ አግኝተዋል እኮ፤ ቴሌግራም አለ። ለምን ሬሳ ታነሳለህ?» አለኝ። ትንሽ አሰብኩበት። እውነት ነው፣ ቴሌግራም ተማሪው ለቤተ መጻሕፍቱ የሰጠው ግልጹ ግብረ መልስ ነው፤ ማንም መጠይቅ ሳይበትን። ፈጣን ነው፤ በስልክ ይከፈታል፤ የጠየቅኸው ሰው ይመልስልሃል። አዲሱን ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ከዚያ የሚማረው ብዙ ነው። ግን የአክስቴ ልጅ ያገኘችውን ፒዲኤፍ አስታውሱ፤ ጸሐፊ የለው፣ ዓመት የለው። እሱን እንዴት ትጠቅሰው? አስተዳዳሪው ነገ ግሩፑን ቢዘጋው ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋል። ግሩፑ ውስጥ ሰው የማያውቅ የአንደኛ ዓመት ልጅስ? እኔስ፣ ጋዜጠኛው፣ በየትኛው ግሩፕ ልገባ ነው? ወይስ ስለ ገዛ ቀበሌው የተጻፈውን ማንበብ የሚፈልግ ነዋሪ? ቤተ መጻሕፍት የማያውቁትንም ሰው ማስገባት አለበት፤ ግሩፕ የሚያገለግለው የሚያውቀውን ነው።

ደግሞ ተጠቃሚ ያለው ሁሉ ይሠራ እያልኩ አይደለም። የአክስቴ ልጅን «ምን ይሻላል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ «በቃ እንደ ቴሌግራም ይሁን» አለች። መልሱ እሱ አይደለም። እሷ የምታውቀው የት እንዳመማት ነው፤ መድኃኒቱን ማዘዝ የባለሙያው ሥራ ነው። ሕመሟን ሳያይ ግን ምን ያዝዛል?

ጽሑፏን ጨርሳ አስገብታለች። በሕጉ መሠረት ሁለት ጠንካራ ሽፋን ያለው ኮፒና አንድ ሲዲ። ሲዲ የሚቀርጽ ቤት ፍለጋ ከግቢው በር ጀምሮ ሦስት ኢንተርኔት ቤት ዞራለች፤ ሁለቱ ኮምፒውተራቸው ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ሦስተኛው ቀረጸላት። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዲውን ተቀብሎ ፈረመላት። «የት ነው የምታስቀምጡት?» ብላ ጠይቃቸው ነበር፤ ከኋላ ያለ ቁም ሳጥን አሳዩዋት። ሊንኩ መቼ እንደሚወጣ ስትጠይቅ፣ አዲሱ ዌብሳይት ሲመረቅ አሏት።